የሐምሌው ዝናብ

ናጅዋ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ስለ አባቷ የጻፈችውን ምዕራፍ ለራሱ ለአባቷ ታነብለታለች። እሱ ቦይ ውስጥ ቆሞ፣ በአካፋ ጭቃ እየቆረጠ ውሃውን ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይመልሳል። ይስማት አይስማት አላህ ይወቅ።

ከአዲስ አበባ መርሳ ድረስ የመጣችው ለዚህ ነው። መጽሐፉ ሊታተም ነው፤ ሰውየውን ሳታሰማው እንዲወጣ ግን ሆዷ እሺ አላላትም። እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ጊዜ እንኳ «ውሸት ነው» ብሎ እንዲከራከራት ፈልጋለች። በጽሑፏ ሙሉ «እሱ» ስትለው ከርማ፣ ፊቱ ስትቆም አፏ «አንቱ» አለና አናደዳት።

ኡበይደላ ሲሄድ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ፣ ዛሬ በአሥራ ሁለተኛ ዓመቱ የመንደሩ የውሃ አባት ሆኗል፤ ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚወስነው እሱ ነው። ከስልሳ አባወራ አንድም ሰው አዳላብኝ ሲል አልሰማችም። ለባዕድ እንዲህ የሞላ ሰው ለልጁ ምነው ጎደለ?

ሙቀቱ ያፈዛል። ውሃው በደረቀው መሬት ላይ ቀስ እያለ ይሳባል፤ የራሷ ድምፅ እንኳ ከሩቅ፣ ከሌላ ሰው አፍ የሚመጣ ይመስላታል።

«ሐምሌ ነበር» ብላ ታነባለች። «ዝናቡ ይወርዳል። አባቴ አይሱዙ ላይ ወጥቶ ወደ ደሴ ሲሄድ አስፋልቱ ድረስ ሮጥኩ። ዝናቡ ጋርዶኝ ነው እንጂ፣ ቢያየኝ መኪናውን ያስቆመው ነበር።»

አካፋው ይቆማል።

«ዝናብ አልነበረም» ይላል ኡበይደላ።

ናጅዋ ቀና ትላለች። የእናቷን ረሃብ ስታነብ፣ አንዲት ደብዳቤ አለመላኩን ስታነብ ትንፍሽ አላለም። ቀሚሷ በስብሶ እንደነበር በደንብ እንደምታስታውስ ትነግረዋለች።

«የዚያን ሐምሌ ጠብ ያለ ነገር የለም፣ ልጄ። ማሳው በድርቅ ባይነድ መች እሄድ ነበር? እዚህ አገር በሌላው ይዋሻል፣ በዝናብ አይዋሽም።»

እዚህ ላይ ዝም ቢል የሚጠይቀው አልነበረም። አካፋውን ተደግፎ ውሃውን ጥቂት ያያል።

«ፀሐይ ነበር። ስትሮጪ አይቼሻለሁ። ቢጫ ቀሚስሽ ከዓይኔ እስኪጠፋ አይቼሻለሁ። ወላሂ፣ አስቁሙልኝ አላልኩም። እሱን ጻፊው።»

ከታችኛው ማሳ ጎረቤቱ ሙጃሂድ የማጠጣት ተራው መድረሱን ተጣርቶ ያስታውሰዋል። ኡበይደላ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ በቦዩ ጠርዝ ይወርዳል።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ያሰበችው ክርክር እንዲህ አልነበረም። ያንን ዝናብ ምን ያህል ትወደው እንደነበር አሁን ገና ይገባታል፤ በክፉ ቀን ሁሉ ከአባቷ ሲያስታርቃት የኖረው እሱ ነው። እንባዋ ይመጣል፣ አትጠርገውም። እስክሪብቶዋን አውጥታ ዝናቡን ትሰርዛለች።

ወረቀቱ ላይ መንገዱ ወዲያው ይደርቃል። ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ጥርት ባለ ፀሐይ አስፋልቱ ዳር ቆማለች፤ ከአይሱዙው ላይ አንድ ወጣት ሰው ያያታል።