የማይጠቁር ብር

ንጋቷ የብር አልቦዋን በነጠላዋ ጠቅልላ መጣችና ቃል ሳትተነፍስ የብር መፈተሻ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ሙሽራ ናት። እጇን ይዤ ከሱቁ ደጅ አወጣኋትና "አሁን ተናገሪ" አልኳት።

"እትዬ ዘርትሁን፣ አልቦውን የሰጡኝ አማቴ ናቸው። ከዚያ ወዲህ እቤት የማወራውን ሁሉ ያውቁታል።"

አልገረመኝም። ዘንድሮ ሰው ብሩን የሲሊከን ቆዳ ያለብሰዋል። ውፍረቱ አንዲት አቶም ነው፤ ለዓይን አይታይም፤ የሰማውን ግን ላለበሰው ሰው ያደርሳል። ከብሩ ላይ ሲገፍፉት ስለሚፈርስ ማስረጃ አይተውም። እኔ የምለየው በተቀቀለ እንቁላል ነው። ቆዳ ያልለበሰ ብር አስኳል ሲነካው ይጠቁራል፤ ቆዳ የለበሰው እንዳብረቀረቀ ይቀራል።

ተመልሰን ገባንና አስኳሉን በጣቶቼ አልቦው ላይ አሸሁት። ጥቂት ቆይቶ ጠቆረ።

"አልቦሽ ንጹህ ነው። እንግዲህ አማትሽ የሚሰሙት ከልጃቸው አፍ ነው" አልኳት። አንገቷን ደፍታ ወጣች።

እጄን ልታጠብ ስል የብር የጋብቻ ቀለበቴን አየሁት። አስኳል ተለቅልቆ ያበራል። አምና ባሌ አበጀ ወስዶ ስማችንን አስቀርፆበት ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ እጄ ስንት እንቁላል ሳሽ ከረምኩ፤ አንድ ቀን ጠቁሮ አያውቅም። እኔ ደግሞ ጥሩ ብር ነው ብዬ እኮራበት ነበር። ይህን ቀለበት እንዳጠለቅኩ ደጅ እያወጣሁ ያናገርኳቸው ሴቶች ሁሉ ፊታቸው መጣብኝ።

"ዘርትሁን! ምሳ ቀርቧል!" አለ አበጀ ከጓዳ።

ባወልቀው ያውቅብኛል።

"መጣሁ፣ የኔ ጌታ!" አልኩ፣ ቀለበቱን ወደ አፌ አስጠግቼ።