የወለሉ ድርሻ

«በሳንቃው ሥር ምን ይነጠፍልሽ?»

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ቤታቸው ሊሠራ ሲል መሐንዲሱ ደብሪቱን የጠየቃት ይህን ነበር። ብርዱ ከጠናና እንጨት ለምሰሶ ካልሆነ ለማገዶ እንዳይውል ከተከለከለ ወዲህ አዲስ ቤት ሁሉ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ወለሉ እንዲሞቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። የተዘረጋላትን ንድፍ ማንበብ ስላልቻለች አፍራ፣ ባሏ ይርሳው በጠቆማት መስመር ላይ አውራ ጣቷን አተመች።

ዘንድሮ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ፊደል ለየች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ንድፉን ከሣጥን አውጥታ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፦ «ከታች የሱፍ ንጣፍ። ከላይ ሙቀት ሰጪ ትል። በቀን ሦስት ጊዜ ይመገባል።»

ጆሮዋን ሳንቃው ላይ ለጠፈች። ይርሳው ሁለት ዓመት ሙሉ «የቧንቧ ውሃ ነው» ሲላት የኖረው ነገር ከሥሯ ይርመሰመሳል። ቀና ብላ ምሳውን ወደሚበላው ባሏ ዞረች።

«አንተ ይርሳው፣ ትል ላይ ነው የምታስተኛን?»

«ወይ ፊደል መቁጠር! ትናንት እግርሽን ዘርግተሽ ስታንኮራፊበት አልነበር?»

የአምስት ዓመት ልጃቸው ምንታምር እንጀራዋን ለሁለት ገመሰችና ግማሹን በወለሉ ጥግ ባለው የምግብ ትራፊ መጣያ ቀዳዳ ልትከት ጎንበስ አለች።

«ብዪው እንጂ ልጄ!»

«አባባ እኩሉ የወለሉ ነው ብሎኛል። ካልበላ ይሞትና ይገማል።»

ደብሪቱ የልጇን ክንድ ያዘች፤ አጥንት ብቻ ነው። ክሳቱ በሽታ መስሏት ስንት ጠበል አንከራትታት ነበር።

ልጇን አዘለችና ገለባ ብቻ ወደተነጠፈበት ወደ እህቷ ቀዝቃዛ አሮጌ ቤት ሄደች። ይርሳው ጫማውን አውልቆ ሞቃቱ ወለል ላይ ቀረ።