አሥራ አራት መጨረሻ

«አሥራ አራት?» አለች ነርሷ ሠናይት ደብተሩን እያገላበጠች። «የኔታ፣ እኔ እኮ ያልኩዎት አንድ ነው!»

የቅኔ መምህሩ መርጌታ ቴዎፍሎስ ከሰላ ድንጋይ ደብረ ብርሃን ድረስ የመጡት ለመመስገን ነበር። ሌሊት ለሚያባንናቸው ቅዠት ሠናይት ያዘዘቻቸውን አድርገዋል። ቅዠቱን ጽፈዋል፤ መጨረሻውንም ለውጠዋል። የተለወጠውን በየቀኑ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ደጋግመው እንዲያስቡት የተነገራቸውን ግን አልቻሉበትም።

«እኛ ዘንድ አንዴ የተቀኙትን መድገም ነውር ነው፣ ልጄ። ዕለት ዕለት አዲስ ነው።»

ሠናይት ሳቋ መጣ፤ ፊታቸውን ስታይ ዋጠችው። ዓይናቸው ደም መስሏል። ባለፈው ወር በእንቅልፍ ልባቸው የሚስታቸውን የታንጉትን ጉሮሮ አንቀው ነበር። እሷም ሕፃኑን አዝላ መዘዞ ያለው እናቷ ቤት ገባች፤ «ተኝተው ማደር ሲጀምሩ እመጣለሁ» ብላ። አገሬው ይህን አያውቅም። መብራታቸው ሲበራ ስለሚያድር «የኔታ ለጸሎት ይተጋሉ» እያለ ያደንቃቸዋል። መታደል ነው!

ቅዠቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ተኩሱ ቀርቧል። ታናሽ ወንድማቸው ወርቅአገኘሁ በሩን እየደበደበ «ክፈትልኝ!» ይላል። እሳቸው ከመቀርቀሪያው ሁለት ክንድ ርቀው ቆመዋል። ከዚያ ድምፁ ይጠፋል። በጦርነቱ ጊዜ የሆነውም ይኸው ነበር።

«እንግዲያው አንዱን እንምረጥ» አለችና ሠናይት ማንበብ ጀመረች። በአንደኛው ወንድምየው አጥር ዘሎ ያመልጣል። በሌላው ጎረቤታቸው ይርጋለም ጓዳዋ ትሸሽገዋለች። ደግሞ በሌላው ጉም ወርዶ ይሰውረዋል። ነፋስ በሩን ገንጥሎ የሚጥልበትም አለ። በሁሉም ወርቅአገኘሁ ይተርፋል። መርጌታ እየሰሙ ትንሽ ኮራ አሉ፤ የሙያ ነገር ሆኖባቸው።

ሠናይት አንብባ ስትጨርስ ደብተሩን ከደነችው።

«የኔታ፣ እርስዎ በሩን የሚከፍቱበት የትኛው ነው?»

«አለ እንጂ!» አሉ ቶሎ ብለው። «እንዴት አይኖርም?»

ደብተሩን ተቀብለው ገለጡ። እስከ መጨረሻው ሄዱ፤ ተመልሰው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሁለተኛውን ዙር ሲጨርሱ ቀና ብለው ሊያይዋት አፈሩ። አሥራ አራት ቀን ሙሉ ወንድማቸውን ለነፋስና ለጎረቤት ሲሰጡ ነው የከረሙት።

ሠናይት አዲስ ገጽ ገልጣ እስክሪብቶ አቀበለቻቸው።

«በሩን» ብለው ጻፉ። እጃቸው እዚያው ላይ ቆመ።