የገጣሚው የእጅ ጽሑፍ

ታይፒስቷ ጠዋት ቢሮ ስትገባ የጋዜጣው አዘጋጅ በር ላይ ጠበቃት።

«ዛሬ ገጣሚው ይመጣል። መጣጥፎቹን በመጽሐፍ ልናወጣቸው ነው፤ የእጅ ጽሑፎቹን በሙሉ አውጪልኝ።»

ወረቀቶቹን ከመሳቢያዋ አውጥታ አዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች።

ገጣሚው ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ ባህልና ስለ ማኅበረሰብ በየሳምንቱ ሊጽፍ ቃል ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በየሳምንቱም አንዲት ወረቀት በፖስታ አሽጎ ይልካል። ችግሩ ጽሑፉ ሰው የጻፈው ሳይሆን ዶሮ የጫረችው መምሰሉ ነው። ታይፒስቷ የመጀመሪያዋን ወረቀት ይዛ አዘጋጁ ዘንድ ሄዳ ነበር። እሱ ዘቅዝቆ ያዛትና፣ «ይህን ማንበብ አቃተሽ? እንደ ውሃ የጠራ እኮ ነው!» ብሎ መለሳት።

ምን ታድርግ? የለየችው ቃል «ይቅርታ» ብቻ ነበር። እሱን ይዛ የቀረውን ከራሷ ሞላችው። «ይቅርታ የራቀው ማኅበረሰብ» በገጣሚው ስም ወጥቶ አገር ጉድ አሰኘ። በሳምንቱ «ራስ ምታት» የሚል አገኘች፤ «ራሱን ያመመው ሥነ ጽሑፍ» ወጣ። ቀጥሎ «አማቴ» የምትል ቃል ተገኘች፤ የአማት ነገር በባህል ዓይን ተተነተነ። መምህራን ሳይቀሩ ከጋዜጣው እየቀደዱ አስቀመጡት።

አሁን ግን ጉዷ ፈላ። እናቷና ሁለት ታናናሾቿ የሚያድሩት በዚህችው ሥራ ነው።

ገጣሚው ሲገባ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የአዘጋጁን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ታገሡኝ። ውለታዎን በምን ልክፈል?»

«ኧረ ትሕትናዎ ነው!» አለ አዘጋጁ።

ለታይፒስቷ ግን ትሕትና አልመሰላትም። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አይታ፣ ቁጣውን አምቆ ይዟል ብላ ደመደመች።

«የእጅ ጽሑፍዎን ሽፋኑ ላይ እናወጣዋለን» አለ አዘጋጁ፣ የመጀመሪያዋን ወረቀት እየዘረጋለት። «እስቲ በራስዎ አንደበት ያሰሙን።»

«ይተዉት እባክዎ፣ ያለፈ ወረቀት ምን ያደርጋል?»

«በፍጹም! ይነበብ እንጂ!»

ታይፒስቷ «ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ገጣሚው መነጽሩን አድርጎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡር አዘጋጅ፣ በዚህ ሳምንት ምንም መጻፍ አልቻልኩምና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»