በሩ እስኪመታ

አባቷ ሰፌዱ ላይ የማሽላ ፍሬ እየደረደሩ የነገውን መንገድ ለዓቢዳ ያሳዩአት ነበር። የእህል ዘር ለመሰብሰብ ከመርሳ ተነስታ፣ በወልድያ በኩል የድልብን አቀበት ወጥታ፣ ከተራራው ጀርባ ወዳለው ሸለቆ ልትወርድ ነው፤ መኪናውን የምትነዳውም ራሷ ነበረች። «እዚህ ውኃ ታገኛለሽ። እዚህ ሞተሩን አብርጂው» አሉና አንዷን ፍሬ እንደያዙ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ከዚህ ጥምዝ ላይ ስትነሺ ሁለቴ ክላክስ አድርጊ።»

«ለሚመጣ መኪና ነው አባ?»

«ለአጎትሽ ነው።»

አጎቷ የአባቷ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። አቀበት ላይ ሲቆሙ ጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋል፤ ክላክስ ሲሰማ ድንጋዩን አንስቶ፣ ሮጦ ይንጠላጠልና በሩን ደብደብ አድርጎ «ሳበው!» ይላል። እዚያ ጥምዝ ላይ ገደል ገብቶ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል።

«ክላክሱንስ አድርጌለት ነበር» አሉ፣ ፍሬዋን መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው። «በሩን ሳይመታ መኪናውን ሳብሁት። አንቺ ግን ጠብቂው።»

«ስንት ደቂቃ ልጠብቅ?» አለች ዓቢዳ።

«ብዙ አያቆይሽም» አሉ አባቷ። «ለእኔ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሳይመታልኝ ቀርቶ አያውቅም።»