ሃያኛው ቀለም

ኦድቫር የቀለሙን ቆርቆሮ ክዳን ፈልቅቆ ይከፍትና ቀዩን ቀለም በእንጨት ያማስላል። ሰባቱ ጎረቤቶቹ ብሩሾቻቸውን ይዘው በአባቴ የጀልባ ቤት ፊት ተደርድረዋል። ሁሉም የከተማውን የጽዳት ሳምንት ሰማያዊ ሰደርያ ለብሰዋል። ከመንገዱ እስክወርድ የጠበቀኝ የለም።

“ቶሩን፣ አንድ ብሩሽ ተርፏል” ይለኛል ቀና ሳይል።

ብሩሹን አላነሳም። ዓይኔ አንገቱ ላይ ነው። የጀልባ ቤቱ ቁልፍ በገመድ ተንጠልጥሎ ደረቱ ላይ ይወዛወዛል። ቁልፉ ለምን እሱ ጋ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

“መሰላሉ ውስጥ ስለሆነ ነዋ” ይላል፤ ማማሰሉን ይቀጥላል።

ከአባቴ የተረፈኝ ይህ ቤት ብቻ ነው። መኖሪያ ቤታችን እሱ አረጋውያን ማረፊያ ሲገባ ተሸጠ፤ እሱም ባለፈው መኸር ሞተ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ለትምህርት ኒውዚላንድ ሄጄ፣ የተመለስኩት አርባ ሊሞላኝ ሲል ነው። ከመጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ከዳቦ ቤት በላይ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። እዚህ ፍዮርዱ ዳር፣ በተራሮቹ መካከል ወደ ውስጥ በገባው ባሕር ጥግ፣ ምድጃ አስገብቼ ልኖር አስቤያለሁ።

በየጸደዩ፣ ከባንዲራው ቀን በፊት ባለው ሳምንት፣ ከተማው ሁሉ ከሥራ እንደወጣ መጥረጊያና ብሩሽ ያነሳል። ያልወጣ ሰው ምንም አይባልም። ቅጣቱም ያው ምንም አለመባሉ ነው። ልጅ ሆኜ ይህ ሁሉ ደግነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ማን ምን ሊያገኝ እንደሆነ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ስለዚህ ወደ ኋላ እዞራለሁ። የቱሪስት መርከቦቹ የሚያልፉት በፊት ለፊት ነው፤ የሚታየውን ገጽ ብቻ ቀብተው የሚሄዱ መስሎኛል። የኋላው ግድግዳ ግን እስከ እንጨቱ ድረስ ተፍቆ፣ የምስማሮቹ ዝገት ሳይቀር ተወልውሏል። ይሄ ይብስ ያስጠረጥረኛል። ለሰው ንብረት ማን ይህን ያህል ይጠነቀቃል?

ስመለስ መቀባቱ ተጀምሯል፤ ሶልቪ የኬክ ሣጥን ከፍታለች። አስተማሪዬ ነበረች፤ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ኬኩ ላይ በእንጆሪ “20” ተብሎ ተጽፏል። ይህን ቤት መቀባት ከጀመሩ ዘንድሮ ሃያኛ ዓመታቸው መሆኑን ደስ እያላት ትነግረኛለች።

ሃያ። በሕጋችን የሌላውን ንብረት ሃያ ዓመት ሙሉ፣ የእኔ ነው ብሎ በቅንነት የያዘ ሰው ባለቤት ይሆናል። ይህን እዚህ የማያውቅ ዓሣ አጥማጅ የለም። እኔም አውቃለሁ።

“ዛሬ ማንም እንዳይቀባ” እላለሁ።

ብሩሾቹ ይቆማሉ። የሶልቪ ባል ሃልቭዳን ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ “ኒውዚላንድ ግድግዳ የሚቀቡት በጎቹ ናቸው መሰለኝ” ይላል። የሚስቅለት ያጣል።

ኦድቫር እጁን በጨርቅ ይጠርግና ከሰደርያው ኪስ ፖስታ ያወጣል። ማክሰኞ ይህንኑ ፖስታ ይዞ ደጄን ሲያንኳኳ፣ በመጋረጃው ጥግ አይቼው ሳልከፍትለት ቀርቼ ነበር።

አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የሰፈሩ ሰዎች መሰላልና መጥረጊያ ለማስቀመጥ የጀልባ ቤቱን ከባለቤቱ ተውሰዋል፤ ውሰቱ እስከሚቀጥለው ጸደይ ነው፤ ባለቤቱ ምክንያት ሳይሰጥ በፈለገው ቀን ማስለቀቅ ይችላል። ባለቤት በሚለው ቦታ የእኔ ስም ተጽፏል። ከሥሩ ያለው መስመር ባዶ ነው።

ከኋላው ደግሞ አሥራ ዘጠኝ አሮጌ ወረቀቶች አሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። አባቴ ሁሉም ላይ ፈርሟል፤ በውሰት የያዘ ሰው ደግሞ ሃያ ዓመት ቢይዝም ባለቤት አይሆንም። በመጨረሻዎቹ ሁለት ላይ ፊርማው ተንቀጥቅጦ ከመስመሩ ወርዷል።

አዲሱን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነብበዋለሁ። ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ። ወደ ብርሃን አንስቼ ሁሉ አየዋለሁ፤ ምን እንደምፈልግ ግን አላውቅም።

“ቤቱን ካልፈለጋችሁት ወረቀቱ ለምን አስፈለገ?” እለዋለሁ።

“እንዳንፈልገው ነዋ” ይላል ኦድቫር። “ሰው ሃያ ዓመት የቀባውን ግድግዳ የራሱ አድርጎ ማየት ይጀምራል። እኔ ራሴ ሁለቴ ጀምሮኝ ያውቃል። በየዓመቱ አባትሽ ዘንድ ሄጄ ‘እባክህ አውሰን’ ስል ስሜቱ ይለቀኛል።”

ይህን ያለው ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው። እስክሪብቶ ያቀብለኛል። ከእሱ ኋላ ማንም አይንቀሳቀስም፤ ሶልቪ የኬኩን ቢላ እንደያዘች ቆማለች። እንዲህ ያለ መልስ ተዘጋጅቶበት ቢሆንስ እላለሁ በሆዴ። ደግሞም፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ማን ይዘጋጃል?

“እስከሚቀጥለው ጸደይ” የሚለውን እሰርዛለሁ። ከላዩ “እስከ ቅዳሜ” ብዬ ጽፌ እፈርማለሁ። ቅዳሜ የጽዳቱ ሳምንት ማብቂያ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ ነው። ወረቀቱን ስመልስለት ፊቱን እከታተላለሁ። ቢከፋው፣ ቢቆጣ፣ መጠርጠሬ ልክ ነበር ማለት ነው።

ኦድቫር መነጽሩን አድርጎ ያነባል። በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ ከሌሎቹ ጋር ወደ ፖስታው ይመልሳል፤ ከዚያ ወደ ሰዎቹ ይዞራል።

“እስከ ቅዳሜ ነው” ይላቸዋል።

ሶልቪ ኬኩን ሳትቆርስ ሣጥኑን ትከድናለች። ሃልቭዳን መሰላሉን አንድ እርከን ይወጣል። ስምንቱ ብሩሾች ግድግዳው ላይ ያርፋሉ። የሚያወራ የለም፤ ወደ እኔ የሚያይም የለም። እጃቸው ብቻ ከቅድሙ ይፈጥናል። ቀዩ ቀለም ከድንጋዩ መሠረት ወደ ጣሪያው እየወጣ፣ የተፋቀውን አሮጌ እንጨት ሳንቃ በሳንቃ ይሸፍነዋል።