የተቆለፈው ኤላ

ነገሌ፣ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሽማግሌው ኮምፒዩተሩ ፊት ቆመው በትራቸውን ጨበጡ። ስክሪኑ ላይ ፎቶግራፋቸው ይታይ ነበር፤ ስለ ኤላቸው፣ ስለ ጥንቱ የውሃ ጉድጓድ፣ ለአንድ ተመራማሪ የነገሩት ታሪክ ግን ተቆልፏል።

«መብቱ የአሳታሚው ነው አባባ፤ ያልከፈለ አያነበውም» አለች የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አንገቷን ደፍታ።

«እኔ የኤላው አባት፣ የውሃው ባለቤት ሆኜ የተጠማ መንገደኛ አልከለክልም! እሱ ማን ሆኖ ነው የኔን ቃል የሚቆልፈው?»

ተማሪዎቹ ከንባባቸው ቀና አሉ። ሠራተኛዋ እንደ ወትሮዋ «ጸጥታ!» አላለችም፤ ወንበር ሳበችላቸው። «እንግዲያው ለእኛ ይንገሩን።»

ተማሪዎቹ ከበቧቸው፤ ድምፃቸውን ሊቀዱም ስልካቸውን ደቀኑ። የሽማግሌው በትር ጠረጴዛው ላይ ጧ አለ።

«ወደ ኪስ! ያም ተመራማሪ እንዲሁ ደቅኖብኝ ነው የወሰደው። በጆሯችሁ ያዙት!»